ሰርቪሱ የማን ነው?

ሮቤም ሆነ ጎባ፣ በየትኛውም ሰፈር ብትዞሩ ከዋናው ቤት ጎን ወይም ከጀርባው አንድ ሁለት ክፍል ያልተጨመረበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ስሙ ሰርቪስ ነው። ድሮ ወጥ ቤት፣ የእህል ማስቀመጫ ወይም የሠራተኛ ማደሪያ ነበር። ዛሬ ለባንክ ሠራተኛ ይከራያል፣ አዲስ ሙሽሮች ይገቡበታል፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ ታርፍበታለች። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲና የጎባው ሪፈራል ሆስፒታል የሚያመጧቸው መምህራን፣ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የቢሮ ሠራተኞች ሁሉ ማደሪያ ይፈልጋሉ። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንዱ ጋ እየሠራ ሌላው ጋ የሚከራይም አለ።

"አንድ ክፍል ሰርቪስ በስንት ያልቃል?" የሚል ጥያቄ ከጓደኞቼ በየጊዜው ይመጣልኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ተራው ግን ሦስተኛ ነው። የመጀመሪያው "ማን ይኖርበታል?" ሁለተኛው ደግሞ "የማን ይሆናል?" የሚለው ነው። ሁለቱ ሳይመለሱ የተገዛ ብሎኬት ግድግዳ ከመሆኑ በፊት ጠብ ይሆናል። ይህን የምለው ሮቤ ባለው የእናቴ ግቢ፣ በታናሽ እህቴ ገንዘብ አንድ ክፍል ሲሠራ ነገሩን ከሥር ከሥር ስለተከታተልኩት ነው።

እህቴ ስድስት ዓመት በሰው አገር፣ በሰው ቤት ሠርታለች። ልትመለስ ነው። ስትመጣ የምትገባበት፣ በሯን የምትዘጋበት የራሷ ክፍል ትፈልጋለች። ያላት ገንዘብ አንድ ክፍል ያሠራል፤ ሁለተኛ ዕድል ግን አይሰጥም። ክፍሉ ቢሰነጠቅ ወይም "የእኛም ነው" የሚል ቢመጣ የስድስት ዓመት ላቧ አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ማን ይኖርበታል?

ወሬው ቤት ውስጥ እንደተነሳ ሦስት የተለያየ ክፍል ተሠራ፤ ሁሉም በአፍ። እናቴ የፈለገችው ጭስ ወደ ሳሎን የማያስገባ ወጥ ቤት ነው። ጎባ የሚሠራው ወንድሜ የፈለገው የሚከራይ ክፍል ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ "ወደ ሳነቴ የሚወጣ እንግዳ ሁሉ ሮቤ ያድራል" እያለ የእንግዳ ማረፊያም ያልማል። እህቴ የፈለገችው ግን መኖሪያዋን ነው።

ሦስቱም ልክ ናቸው። ችግሩ ሦስቱ ሦስት ዓይነት ቤት መሆናቸው ነው። ለኪራይ የሚሆን ክፍል የራሱ መግቢያ፣ የራሱ የመብራት ቆጣሪና ከቤተሰቡ የተለየ ሽንት ቤት ይፈልጋል። ለሽማግሌ የሚሠራ ክፍል ደረጃ የሌለው፣ በሩ ሰፋ ያለ፣ ሽንት ቤቱ የቀረበ ይሆናል። ወጥ ቤት ደግሞ ጭስ ማውጫና ምጣዱን የሚችል የኤሌክትሪክ መስመር ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ የራሱ መስመርና የራሱ ማቋረጫ ሊኖረው ይገባል። ይህ ሁሉ የሚወሰነው ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ነው። ከልስን በኋላ ሐሳብ መቀየር ግድግዳ መብሳት ነው፤ ለመብሳትም ለመድፈንም ይከፈላል።

እኛ ጋ የተወሰነው የገንዘቡን ባለቤት በመጠየቅ ነው። እህቴ ይኖራታል። ስታገባ ወይም ሥራ ይዛ ሌላ ከተማ ስትሄድ ይከራያል። ስለዚህ በሩ ወደ ግቢው በር ዞሮ፣ ከዋናው ቤት ጋር የሚያገናኝ በር ሳይኖረው እንዲሠራ ተስማማን። ወጥ ቤቱ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። እናቴ ትንሽ አኮረፈች። ኩርፊያዋ ግን ሦስት ቀን ነው የቆየው፤ ያለ ውሳኔ ቢጀመር ኖሮ ሦስት ዓመት ይቆይ ነበር።

ካርታው ላይ የማን ስም አለ?

የእናቴ ዕድሜ ያላቸው ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ ቤት ሲጨመር ለምን እንደሚፈሩ የሚገባችሁ ታሪኩን ስታውቁ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ሊኖረው አይችልም ተባለ። የቀበሌ ቤት የምንለው አብዛኛው የመጣው ከዚያ ነው። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች፤ "ትርፍ ቤት" የሚለው ቃል ግን እስከ ዛሬ ያስደነግጣታል። ዛሬ ያ ሕግ በነበረበት መልኩ የለም፤ የዛሬው ሥጋት ቤተሰብ ውስጥ ያለው ነው።

የእኛ ግቢ ካርታ በአባቴ ስም ነው። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ። ይህ በብዙ ቤት ያለ ነገር ነው፤ ምናልባት በእናንተም። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የባልና የሚስት የጋራ ስለሆነ ግማሹ የእናቴ ነው። የአባቴ ግማሽ ደግሞ ኑዛዜ ከሌለ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ለልጆቹ እኩል ይተላለፋል። (ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለማየት የተስማሙ ቤተሰቦች የአከፋፈል ሥርዓታቸው ይለያል። ባሌ ውስጥ ይህም ስላለ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።)

እንግዲህ ሒሳቡን እንየው። እኛ ሦስት ልጆች ነን። የግቢው ግማሽ የእናቴ፣ ሌላው ግማሽ ለሦስት የሚካፈል ነው። እህቴ በራሷ ገንዘብ ያሠራችው ክፍል ያለ ምንም ወረቀት ከግቢው ጋር ተደባልቆ ቢከፋፈል፣ ከራሷ ክፍል የሚደርሳት አንድ ስድስተኛ ነው። ተከራክራ ያወጣችውን ማስመለስ ትችል ይሆናል፤ ግን በማስረጃ ነው። ማስረጃው ደግሞ የሚዘጋጀው ሁሉም ሰው በሚዋደድበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የወጣው ወጪ ሲሚንቶ ላይ አልነበረም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ወጣ። ከዚያ አንድ የሕግ ባለሙያ ያየው የቤተሰብ ስምምነት ተጻፈ። የያዘው ይህን ነው፦

• ክፍሉ የት እንደሚያርፍና ስፋቱ ስንት እንደሆነ፤
• ሙሉ ወጪውን የሸፈነችው እህታችን መሆኗን፤
• እናታችን በሕይወት እስካለች የግቢው አዛዥ እሷ መሆኗን፤
• ክፍሉ ቢከራይ ገንዘቡ የማን እንደሆነ፤
• ግቢው አንድ ቀን ቢከፋፈል ወይም ቢሸጥ ክፍሉ ወይም የዚያን ቀን ግምቱ ለእህታችን እንደሚታሰብ።

እህቴ ውጭ ስለነበረች በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ውክልና ልካ ነው የተፈረመላት። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ተቆጣ። "በእናትና በልጅ፣ በወንድምና በእህት መሀል ወረቀት ምንድን ነው? ተናንቀን ነው እንዴ?" አለ። እናቴ ቡናዋን እየቀዳች "ልጄ፣ ለእናንተ ብዬ አይደለም። እናንተ ትተዋወቃላችሁ። ነገ የሚመጡት ሚስቶችና ባሎች፣ የልጅ ልጆቼ ናቸው የማይተዋወቁት" አለችው። ፈረመ።

ወንድሜ ለቆርቆሮው መግዣ ላግዝ ብሎም ነበር። እሱ ባለትዳር ነው፤ ደመወዙ የሱና የሚስቱ የጋራ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሚስቱ እያወቀች፣ "ብድር" ተብሎ፣ መመለሻው ተጠቅሶ ተጻፈ። እርዳታውን እርዳታ፣ ብድሩን ብድር፣ ድርሻውን ድርሻ ብላችሁ በስሙ ጥሩት። ስም የሌለው ገንዘብ በኋላ ሁሉም የየራሱን ስም ያወጣለታል።

ለእናንተ፣ ስልክ በእጃችሁ ላለው፣ አንድ ቀላል ሥራ አለ። ገንዘብ ስትልኩ በቴሌብርም ይሁን በባንክ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "ለሰርቪስ መሠረት"፣ "ለሰርቪስ ቆርቆሮ" ብላችሁ ጻፉ። ደረሰኙን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ከስልካችሁ ውጭም አስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል።

ማዘጋጃ ቤት ሳይሄዱ መቆፈር የለም

"ሰርቪስ እኮ ነው፣ ፈቃድ ምን ያረጋል?" የሚል ሰው አይጠፋም። ያረጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል ባለ አንድ ወለል ሆኖ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን ምድብ "ሀ" ውስጥ አስገብቶታል። ሰርቪስ ማለት ይሄ ነው። ምድቡ ቀላል ነው ማለት ከፈቃድ ነፃ ነው ማለት አይደለም። የሚጠየቀው ፕላን ቀለል ይላል እንጂ ግንባታ ለመጀመርም፣ ያለውን ቤት ለማስፋትም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሕጎቹ ስለሚሻሻሉ ከሰፈር ወሬ ይልቅ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። ይዛችሁ የምትሄዱት ጥያቄ ይህ ይሁን፦ በካርታው ላይ ከተፈቀደው የግንባታ ስፋት ምን ያህል ይቀራል? ከጎረቤት አጥር ስንት መራቅ አለብን? በማስተር ፕላኑ መንገድ ግቢያችንን ይነካዋል? ወደ ጎረቤት የሚከፈት መስኮት ይፈቀዳል? የመጨረሻው እንደ ቀላል የሚታይ ግን ብዙ ጎረቤት ያጣላ ነገር ነው። መልሱን በቃል ብቻ አትቀበሉ። ፈቃዱ ወረቀት ነው፤ የሰጣችሁ ሰው ቢቀየር ወረቀቱ አይቀየርም።

የሮቤ አፈር፣ የጎባ ብርድ

የአዲስ አበባ ጓደኛችሁ የሠራውን ሒሳብ ገልብጣችሁ ባሌ ላይ ብትሠሩበት የማይገጥምባችሁ በሦስት ነገር ነው፤ በአፈሩ፣ በዝናቡና በብርዱ።

ሮቤ ዙሪያ ያለው የሲናና ሜዳ ስንዴ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር አለው። በአማርኛ መረሬ፣ እዚያው በኦሮምኛ ኮቲቻ ይባላል። ለስንዴ በረከት፣ ለቤት ጠላት ነው። ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ የተቀመጠ መሠረትም አብሮ ይነሳል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩ። የአንድ የቀን ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጥቁሩ አፈር በስንት ሳንቲ ሜትር አልቆ ጠንካራው መሬት እንደሚገኝ ካላወቃችሁ የመሠረቱን ዋጋ የሚነግራችሁ ሁሉ እየገመተ ነው።

ዝናቡ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ያለውን የእርሻ ወቅት የአካባቢው ሰው "ገና" ይለዋል፤ የበዓሉን ገና ማለቴ አይደለም። ከክረምት እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ የሚዘልቀው "ቦና" ነው። በሁለቱ መሀል ያለው ደረቅ ጊዜ፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት፣ አጭር ነው። በዚያ ላይ አዝመራ በሚሰበሰብበት ሰሞን ጭነት መኪናውም የቀን ሠራተኛውም ስንዴ ላይ ነው። አሸዋና ድንጋይ የማመላለሻ ዋጋ ከአዝመራው በፊት ተነጋግራችሁ ብትይዙ ይሻላል።

ብርዱን ለባሌ ልጅ አልነግረውም። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናቸው፤ ከጎባ በላይ ያለው ሳነቴ 4,000ን ያልፋል። በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። አዲስ የተሞላ ኮንክሪት ቀን ቀን ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣል፤ ማታ ማታ ደግሞ በጆንያ ወይም በገለባ ይሸፈናል። ገለባ ሮቤ ላይ ችግር አይደለም። ከቆርቆሮው ሥር ያለ ኮርኒስም እዚህ ጌጥ አይደለም፤ ብርድ መከላከያ ነው።

ከብርዱ ጋር የሚመጣ አደጋም አለ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። አዲሱ የብሎኬት ክፍል ከአሮጌው የጭቃ ቤት ይልቅ ንፋስ የማያስገባ ስለሆነ የባሰ ነው። ከበሩ በላይና በትይዩው ግድግዳ ላይ የማይዘጋ የአየር ቀዳዳ ይተው። የሁለት ብሎኬት ቦታ ነው፤ ነፍስ ግን ያድናል።

ይያያዝ ወይስ ይለይ?

ከዋናው ቤት ጋር ማያያዝ ርካሽ ይመስላል፤ አንድ ግድግዳ ይቀራል። የእኛ ዋና ቤት ግን በባህር ዛፍ ማገር የቆመ የጭቃ ቤት ነው። ግንበኛው ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ እናቴን "አዴ፣ ይሄ ግድግዳ ራሱን ነው የሚችለው፤ የሌላ ሰው ጣሪያ አይሸከምም" አላት። እውነቱን ነው። አሮጌውና አዲሱ መሠረት እኩል አይሰምጡም። ካጣበቃችኋቸው መገናኛው ላይ ይሰነጠቃል፤ ያ ስንጥቅ ደግሞ የዝናብ መግቢያ ይሆናል።

መፍትሔው አራተኛውንም ግድግዳ መሥራት፣ በሁለቱ መሀል ትንሽ ክፍተት መተው፣ ክፍተቱን ከላይ በታጠፈ ቆርቆሮ መሸፈን ነው። የአዲሱ ጣሪያ ውኃ ከዋናው ቤት በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲወርድም ተዳፋቱ ይዞራል። ዋናው ቤታችሁ የብሎኬት ከሆነና መሠረቱ ጤነኛ ከሆነ ግን ግድግዳውን መጋራት ይቻል እንደሆነ ባለሙያ ይይላችሁ። አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ፤ የምትጨምሩት ክፍል የእናታችሁን መኝታ ቤት መስኮት እንዳይዘጋው።

ስልካችሁን አውጡ

አሁን ሦስተኛው ጥያቄ መጣ። ዋጋ አልጽፍላችሁም፤ ይህን በምታነቡበት ሳምንት ሊቀየር ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። ብዛት ግን አይቀየርም። ብዛቱን አንዴ በትክክል ካወቃችሁ ዋጋውን በየሳምንቱ ማባዛት ነው።

ክፍሉ ከውጭ ወደ ውጭ 4 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.7 ሜትር ይሁን።

ግድግዳ። አራቱ ጎን 16 ሜትር ነው፤ በ2.7 ሲባዛ 43.2 ካሬ። 0.9 በ2.1 የሆነ አንድ በርና 1.2 በ1.2 የሆነ አንድ መስኮት ስንቀንስ 40 ካሬ ገደማ ይቀራል። ፊቱ 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት በካሬ 12.5 ይገባል። ስለዚህ 500። ለሚሰበረው ከመቶ 5 ጨምሩ፦ 525 ብሎኬት። ሦስት ግድግዳ ብቻ ቢሠራ 383 ይበቃል። አራተኛው ግድግዳ ያስከፈለን 142 ብሎኬት ነው ማለት ነው፤ ስንጥቅ ከመጠገን ይረክሳል።

መሠረት። 16 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሳንቲ ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀት ቢሆን ቁፋሮው 9.6 ሜትር ኩብ ነው። ጥቁሩ አፈር ሳያልቅ ቀርቶ 20 ሳንቲ በተጨመረ ቁጥር 2 ሜትር ኩብ ያህል ቁፋሮና የሚሞላው ድንጋይ ይጨመራል። የሙከራ ጉድጓዱ ጥቅም እዚህ ጋ ነው በገንዘብ የሚታየው።

ወለል። የውስጥ ስፋቱ 3.6 በ3.6፣ ወደ 13 ካሬ ነው። 10 ሳንቲ ውፍረት ሲኖረው 1.3 ሜትር ኩብ ኮንክሪት። በሜትር ኩብ 7 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ብታስቡ 9 ከረጢት፣ አራት ኩንታል ተኩል ይሆናል። ለመሠረቱ፣ ለቢሙ፣ ለግንቡና ለልስኑ የሚገባው ከዚህ የተለየ ነው፤ ግንበኛውን በየሥራው ለይቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። በጅምላ "ይሄን ያህል ኩንታል ይበቃል" የሚል መልስ አትቀበሉ።

ጣሪያ። በየጎኑ 50 ሳንቲ ወደ ውጭ ሲወጣ 5 በ5 ይሆናል፤ ከተዳፋቱ ጋር 26 ካሬ ያህል። ቆርቆሮ ሲደራረብ ስለሚቀንስ ሱቁ ውስጥ የምትጠይቁት "ስፋቱ ስንት ነው?" ብላችሁ ሳይሆን "ተደራርቦ የሚሸፍነው ስንት ነው?" ብላችሁ ነው። ጌጁንም ጠይቁ፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቆርቆሮው ይወፍራል። ለጣሪያው እንጨት ደግሞ የተተከለ ባህር ዛፍ በቂ ነው። ከጫካ የወጣ የጥድ እንጨት በርካሽ ቢቀርብላችሁም ተዉት፤ ከሕጉም ከተራራውም ትጣላላችሁ።

ሽንት ቤት። ግቢ ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ካለ፣ የእናንተም ይሁን የጎረቤት፣ ሽንት ቤቱ ከሱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ግቢው ይህን ካልፈቀደ ያለውን ሽንት ቤት ማሻሻል አዲስ ከመቆፈር ይሻላል። እኛም ያደረግነው እንደዚያ ነው።

ከመቶ ብር ስንቱ የት ይሄዳል?

የእህቴን ገንዘብ ወረቀት ላይ 100 ብር እንደሆነ አድርገን ከፋፈልነው። ከመሠረት እስከ ወለል 30፣ ለግድግዳውና ግድግዳውን ከላይ ለሚያስረው ቢም 20፣ ለጣሪያ 20፣ ለበርና መስኮት 10፣ ለመብራት 5፣ መጠባበቂያ 15። ልስኑ፣ ኮርኒሱና ቀለሙ በዚህ ውስጥ የሉም፤ በሁለተኛ ዙር ይሠራሉ ብለን ለየናቸው። አከፋፈሉ የእኛ ነው። አፈራችሁ ድንጋያማ ከሆነ መሠረቱ ይቀንስላችኋል፤ መረሬ ላይ ከሆናችሁ ይጨምራል።

መጠባበቂያዋ 15 ብር ለማንም አትነገርም። ግንበኛው ካወቃት ትወጣለች፤ ወንድም ካወቃት "ለምን ሴራሚክ አናደርግም?" ይላል። እኛ ጋ ከዚያ ላይ 6 ብር ያህል መሠረቱ ላይ ወጣ፤ ጥቁሩ አፈር በአንድ ጥግ በኩል ከሌላው ጠልቆ ተገኘ። ቀሪው ለኮርኒሱ ተቀመጠ።

ለሠራተኛው በቀን ሳይሆን በሥራ ክፈሉ። መሠረት ሲያልቅ፣ ግድግዳ ቢም ላይ ሲደርስ፣ ጣሪያ ሲመታ። ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፣ የእጅ ዋጋውን ለብቻ ተዋዋሉ። ሩቅ ከሆናችሁ ቤተሰብ መሀል አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈትና በየቀኑ ማታ ሁለት ነገር ይላክበት፦ የደረሰኙ ፎቶና የሥራው ፎቶ። እህቴ ከዚያ ማዶ ሆና ክፍሏ ከመሬት ሲነሳ ያየችው እንደዚያ ነው። አንድ ቀን ማታ "መስኮቱ ወደ ተራራው ይሁንልኝ" ብላ ጻፈች። ገና ግድግዳው ወገብ ላይ ስለነበር ተደረገላት፤ በነፃ።

ገንዘቡ ሲያልቅ የት ይቆማል?

ባጀት ማውጣት ማለት ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራው የት እንደሚቆም አስቀድሞ ማወቅም ነው። ባሌ ላይ ግማሽ ሥራ የሚያበላሸው ዝናብ ነው። ሳይጎዳ የሚከርመው ሁለት ቦታ ላይ የቆመ ነው። አንደኛው መሠረቱ አልቆ፣ ዙሪያው ተሞልቶ፣ ውኃ የሚሄድበት ቦይ ሲኖረው ነው። ሁለተኛው ጣሪያው ከተመታ በኋላ ነው። ከሁለቱ መሀል መቆም፣ ማለትም ያለ ጣሪያ የቆመ ግድግዳ ይዞ ገናን መቀበል፣ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ግድግዳ የሚጀመረው የጣሪያው ገንዘብ እጅ ላይ ሲኖር ብቻ ነው። የጣሪያው ገንዘብ ከሌለ መሠረቱን አስከርሙት፤ ዕቁብ እስኪደርሳችሁ ማንም አይስቅባችሁም።

ኪራይ ለምታስቡ

"ኪራዩ ወጪውን ይመልሳል" የሚለው እውነት የሚሆነው ሒሳቡ ውስጥ ባዶ ወር፣ ጥገናና ግብር ሲገቡ ነው። የቤት ኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ "ለ" ግብር የሚከፈልበት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አዋጁ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ጨምሮ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ላይ ይሠራል፤ የከተማችሁን ሁኔታ ጠይቁ። የሁለት ዓመት ውል ማለት እህታችሁ በስድስት ወሯ ብትመለስ ተከራዩን "ውጣ" ማለት አትችሉም ማለት ነው። "ማን ይኖርበታል?" የሚለው ጥያቄ ለምን መጀመሪያ እንደሆነ አያችሁ?

አሁን የእህቴ ክፍል ጣሪያው ተመቷል። በሩና መስኮቱ ገብቷል፣ የመብራት መስመሩ ተዘርግቷል፤ ኮርኒሱና ቀለሙ ይቀራል። ቁልፉ እናቴ ጋ ነው። ወንድሜ ብድሩን በሁለት ጊዜ ተቀበለ፤ ሲቀበልም ፈረመ፣ አልተቆጣም።

እናንተ ደግሞ ዛሬ ማታ ብሎኬት ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። እናትና አባታችሁን በደህናው ሰዓት፣ ማንም ባልታመመበትና ማንም ባልተጣላበት ቀን፣ "ካርታው የት ነው? በማን ስም ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ሊከብዳቸው ይችላል፤ ቀስ በሉ። መልሱን ሳታውቁ ግን ሜትርም አትዘርጉ።